የሮማን ድንበር ድንጋይ በር ላይ የለካን ጊዜ

እስኪ ቁጭ በሉና አንድ ነገር ላውጋችሁ። እኔ በአፌ ብቻ፣ ያውም በቀና ልብ፣ አንድ አገር ለጦርነት አስነሥቼ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምነውም ነበር፤ ግን እዚያው ነበርኩ፣ የተናገርኩትም እኔው ነኝ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። መካነ ሰላም ትምህርት ቤት ጂኦግራፊና ታሪክ አስተምር ነበር። ያኔ በከተማው ክራባት የምናስር ሰዎች ጥቂት ነበርን፤ ከነዚያ ውስጥ ደግሞ ክራባቱን አስሮ በግ ሊገዛ ገበያ የሚወጣ እኔ ብቻ ነበርኩ። ክራባቱ በጉን እንደሚያስወድድብኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አልፈታውም። እንግሊዝኛ ያውቃል የሚል ስምም ነበረኝ። ስሙን ያወጣሁት እኔው ራሴ ስሆን፣ የሚያስተባብል ሰው ስላልተገኘ ጸና። ማታ ከሬዲዮ የውጭ አገር ወሬ እሰማለሁ፤ ጠዋት ሻይ ቤት ተቀምጬ የሰማሁትንም ያልሰማሁትንም እተረጉማለሁ። ተማሪዎቼም በእንግሊዝኛዬ ላይ ቅሬታ አቅርበው አያውቁም። ከእንግሊዝ ሰው ጋር ግን ፊት ለፊት ተነጋግሬ አላውቅም። ማን አምጥቶልኝ።

አንድ ቀን የአውራጃው ገዥ አስጠሩኝ። ሰው ገዥ ሲያስጠራው መጀመሪያ የሚያስበው ማንን እንደበደለ ነው፤ እኔም እያሰብኩ ገባሁ። ገዥው ጠረጴዛቸው ጋ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ፀሐይ እንደ በርበሬ ያቀላው አንድ ረጅም ፈረንጅ፣ ጉልበቱን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት አነስ ባለች ወንበር ላይ ተጣጥፏል። ስሙ ሚስተር ሆብሰን ነው። ከደሴ በላንድሮቨር ሲመጣ ከአዲስ አበባ የያዘው አስተርጓሚ አቀስታ ላይ ብርድ መትቶት፣ እዚያው ብርድ ልብስ ውስጥ ቀርቷል። አቀስታን የምታውቁ ሰዎች በሰውዬው አትፈርዱም።

ገዥው እንግሊዝኛ ትችላለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። «በሚገባ፣ ጌታዬ» አልኩ። ይህን «በሚገባ» የሚሉትን ቃል ሁልጊዜም ከወጣ በኋላ ነው የምሰማው እንጂ፣ ቀድሜ አስቤበት አላውቅም።

ሚስተር ሆብሰን ብድግ ብሎ እጄን ጨበጠና መናገር ጀመረ። እኔ የማውቀው እንግሊዝኛ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ፣ በቃልና በቃል መካከል ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ያለው፣ ነጥብ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ የሚቆም እንግሊዝኛ ነው። የሱ የክረምት ጎርፍ ነው፤ ድንጋዩንም ቅጠሉንም ይዞ ይወርዳል። እኔ ዳር ቆሜ የማውቃት ቃል ስታልፍ ያዝ አደርጋለሁ። «ሮማ» የምትለውን ያዝኩ። «ድንበር»ን ያዝኩ። «ግንብ» አለፈች፣ ያዝኳት። «መለካት»ም፣ «ድንጋይ በር» የሚለው የመንደር ስምም አላመለጡኝም። በመካከል የሄደውን ሁሉ ራሴን እየነቀነቅሁ በክብር ሸኘሁት።

ምን አለ ሲሉኝ፣ ይህ ሰው የሮማን ድንበር የሚለካ ሊቅ ነው፣ ድንጋይ በር ያለውን ካብ ሊለካ ይፈልጋል አልኳቸው። ገዥው ነገሩ ደስ አላቸው። በአውራጃቸው ውስጥ ሊቅ መጥቶ የሚለካው ነገር መኖሩን ለማንም ሹም ቢነግሩት አያሳፍርም። በማግስቱ በቅሎ ተጭኖልን እንድንሄድ አዘዙ።

ኋላ እንደተረዳሁት እውነተኛው ነገር ይህ ነው። ሚስተር ሆብሰን ዕድሜውን የፈጀው ሮማውያን በጥንት ዘመን በሠሯቸው የድንበር ግንቦች ላይ ነው። በራሱ አገር ከባሕር እስከ ባሕር የሚደርስ አንድ አለ፤ በበረሃም ሌሎች አሉ። ግንቡን ብቻ አይደለም የሚለካው። ዙሪያውን በእግሩ እየዞረ ውሃው ከየት ይቀዳ ነበር፣ መንገዱ በየት ያልፋል፣ ዘብ የቆመው ሰው እስከ የት ድረስ ያያል ይላል። ታዲያ አንድ መንገደኛ ስለ ድንጋይ በር ካብ ቢያወራለት፣ እስኪ ሌላውስ የጥንት ሕዝብ ዳር አገሩን እንዴት ይጠብቅ ነበር፣ ሄጄ ላስተያየው ብሎ መጣ። በቃ ይኸው ነው። ሮማ ድንጋይ በር ደርሳ ነበር የሚል ነገር ከአፉም አልወጣ፣ በልቡም የለ።

ድንጋይ በር አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከመውደቁ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የሚቆምበት አፋፍ ላይ ያለ መንደር ነው። ካቡ የአፋፉን ጠርዝ ይዞ ዓይን እስኪደክም ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ አንዳንድ ቦታ ፍየል ዘልላው ታልፋለች። ማን እንደሠራው አይታወቅም። ንጉሥ ነው የሚል አለ፣ ጂኒ ነው የሚል አለ። ሁለቱንም ወገን የማይጥል ደግሞ፣ ንጉሡ ጂኒዎቹን አዝዞ ነው ይላል።

መንገድ ላይ በቅሎዋ ላይ ሆኜ ንግግር ሳዘጋጅ ነበር። አንድ ነገር አሳስቦኛል። ሚስተር ሆብሰን ባለ ሦስት እግር የመለኪያ መሣሪያና ቀይና ነጭ የተቀቡ ረጃጅም ዘንጎች ይዟል። በዚያ ዘመን ለገበሬ ከነዚህ ዘንጎች የከፋ መርዶ የለም። ቀላድ ሊጣል ነው ማለት ነው፤ መሬቱ ተለክቶ ግብር ሊጨመርበት ነው ማለት ነው። ስለዚህ አፌን ስከፍት መጀመሪያ ይህን ስጋት ከሰው ልብ ላወጣ ቆርጫለሁ። አስተዋይነቴ ለራሴም ደስ አለኝና በቅሎዋ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

የደረስነው ዓርብ ነው፤ ሰው ከጁምዓ ሰላት ወጥቶ ሾላው ሥር ተሰብስቧል። በድንጋይ በር የዓርብ ስብሰባ የሁሉም ነው፤ ሙስሊሙ ሰግዶ ይመጣል፣ ክርስቲያኑ ከቤቱ ይመጣል፣ ያለው ወሬና ጉዳይ እዚያ ያልቃል። ዋናው ሰው ሼህ ይመር ናቸው፤ ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ነገር የተጣመመበት ሁሉ የሚሄድባቸው ሽማግሌ። አሰላሙ አለይኩም ብዬ እንግዳውን አስተዋወቅኋቸው። በደህና መጣችሁ ብለው ለኔ መናገሪያ ቦታ ሰጡኝ። ክራባቴን አስተካክዬ ድንጋይ ላይ ወጣሁ።

«አብሽሩ ጀመዓ» አልኩ፤ «ይህ እንግዳ ቀላድ ሊጥል አልመጣም። ከእርሻችሁ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። የመጣው የሮማን ድንበር ሊለካ ነው።»

ሰዉ ጸጥ አለ። እኔ ዝምታን ሁልጊዜ አድናቆት ብዬ ነው የምተረጉመው፤ አስተማሪነት ያመጣብኝ ነው። ስለዚህ ቀጠልኩ። ሮማ ትልቅ መንግሥት እንደነበረች፣ በደረሰችበት ሁሉ ዳር ዳሩን ግንብ ትሠራ እንደነበር፣ የናንተም ካብ ቁርጥ እነዚያን እንደሚመስል አስረዳሁ። ሚስተር ሆብሰን ደግሞ ከአማርኛው ሁሉ «ሮማ» የምትለውን ለይቶ ሰማና፣ ደስ ብሎት ራሱን እየነቀነቀ በእጁ ካቡን አመለከተ። ያቺ መነቅነቅ የቀረውን ጨረሰችው።

ከሴቶቹ በኩል አንዲት ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ተነሡ። ወይዘሮ ዘነቡ ይባላሉ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በራሳቸው ጥማድ የሚያሳርሱ ሴት ናቸው። ቤታቸው ጀርባውን ካቡ ላይ አስደግፎ የተሠራ ነው፤ ካቡ የጓዳቸው ግድግዳ ነው።

«ሮማ ያልካት የጣልያኗን ነው?» አሉኝ።

አዎን እማማ፣ የጣልያን ዋና ከተማ ናት አልኳቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከክፍሌ እንኳ በዓመት አንዴ ቢመጣልኝ ነው፤ ፊቴ በራ።

«እንዲያ ከሆነ፣ የኔ ቤት ከድንበሩ በየት በኩል ነው?»

ሴትዮዋ ጂኦግራፊ ይወዳሉ ብዬ ሞቅ አለኝ። ነገሩን እንዳላበላሽ ሚስተር ሆብሰንን የካቡ ውስጥ በየትኛው በኩል እንደሆነ ጠየቅሁት። ወደ ሜዳው ያለው ውስጥ፣ ወደ ገደሉ ያለው ውጭ ነው አለኝ። የወይዘሮ ዘነቡ ቤት በሜዳው በኩል ነው። ስለዚህ አይስጉ እማማ፣ በውስጥ በኩል ነዎት አልኳቸው።

ወይዘሮ ዘነቡ ነጠላቸውን አወረዱና ወገባቸው ላይ አሰሩ። ነጠላ ወገብ ላይ ሲታሰር ሥራ ሊሠራ ነው ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለእንግዳ የሚቀርብ ነገር ሊያሰናዱ ነው ብዬ ገመትኩ። ሥራ ሊሠሩስ ነበር።

ወሬው ከኛ በቅሎዎች ይልቅ ፈጣን ነበር። ኋላ ሰብስቤ እንደሰማሁት መካነ ሰላም ሲደርስ «ሮማ ድንጋይ በርን ጠየቀች» ሆኗል። አቀስታ ሲደርስ ጣልያን አውራጃችንን ቦረናን ይዞ ብርዱን ፈርቶ ቆሟል። አጅባር ላይ ደግሞ ድንበሩን እየመራ የሚያሳየው አንድ ክራባት ያሰረ አስተማሪ ነው ተብሏል። ማሻ እስኪደርስ እኔ ራሴ ጣልያን ሆኜ አርፌዋለሁ። አጅባር የምትኖር አክስቴ ይህን ሰምታ፣ የወንድሜ ልጅ ጣልያን ከሚሆን ምነው ነጋዴ ሆኖ በቀረ ብላ ጎረቤት ሰብስባ አለቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት በጡሩምባ ድምፅ ነቃን። ስወጣ ካቡ ላይ ሰው ተደርድሯል። የጠላትን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎች ናቸው። አንዳንዱ የአርበኝነት ሜዳዩን ጋቢው ላይ አድርጓል፤ አሮጌ ምንሽሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። ከሩቅ መንደር የመጡም አሉ። እየተራራቁ፣ እያንዳንዱ የራሱን ድንጋይ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ተቀምጧል። የሚጮህ የለም፣ የሚፎክር የለም። ቢፎክሩ ይሻለኝ ነበር።

ሚስተር ሆብሰን ከድንኳኑ ወጥቶ ይህን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። ለካ ዕድሜውን ሙሉ ዘቦቹ በምን ያህል ርቀት ይቆሙ ነበር እያለ ባዶ ግንብ ላይ ሲያሰላ የኖረ ሰው ነው፤ ዛሬ በሕይወት ያሉ ዘቦች ተደርድረውለታል። ሜትሩን አውጥቶ ከአንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላው ያለውን ርቀት መለካት ጀመረ። ሁልጊዜ ጠዋት እንዲህ ያደርጋሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልፎ አልፎ ነው አልኩት። ሽማግሌዎቹ ፈረንጁ በመካከላቸው ሜትር ሲዘረጋ ዝም ብለው ያዩታል፤ አንዱ ብቻ ወደኔ ዞር ብሎ፣ የሬሳ ሣጥን ሊያሠራልን ነው ወይ ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ።

ቀጥሎ ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ ተከለ። ወይዘሮ ዘነቡ ነጠላቸው እንደታሰረ መጥተው መነጽሩ ፊት ቆሙ። ዘወር ይበሉ ብላቸው አልሰማ አሉ። ሚስተር ሆብሰን ጨዋ ሰው ነው፤ ሴትዮዋ ለማየት የጓጉ መሰለውና እጁን ዘርግቶ በመነጽሩ እንዲያዩ ጋበዛቸው። እኔም ይህ ጥሩ ዘዴ ነው ብዬ ይዩ እማማ፣ ምንም ተንኮል የለበትም አልኳቸው።

የዚያን ጊዜ መነጽር ግን አንድ ጠባይ ነበረው፤ ያየውን ገልብጦ ነው የሚያሳየው። የሚለካበት ሰው ስለሚለምደው ግድ የለውም። ለኔ የነገረኝ አልነበረም፤ ወይም ከጎርፉ ጋር አልፎኛል።

ወይዘሮ ዘነቡ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አዩ። ቀና አሉና ቤታቸውን በባዶ ዓይናቸው አዩ። እንደገና ጎንበስ ብለው በመነጽሩ አዩ።

«ገልብጦታል» አሉ ቀስ ብለው።

ሽማግሌዎቹ ከካቡ እየወረዱ በተራ አዩ። አንዱ የገዛ በሬው ሰማይ ላይ ሣር ሲግጥ አገኘው። ሌላው ቤተ ክርስቲያኑን በጉልላቱ ቆሞ አየ፤ ቀጥሎ ያየው መስጊዱም ከዚያ የተሻለ ዕጣ አልደረሰውም። እኔም ገፋ አድርጌ አየሁ። እውነትም መላው ድንጋይ በር ከነሰዉ፣ ከነከብቱ፣ በጭንቅላቱ ቆሟል።

በመጨረሻ ሼህ ይመር አዩ። አጃኢብ ነው አሉ። ከዚያ የለበሱትን ጋቢ አውልቀው መሣሪያውን እንደ ሕፃን ሸፈኑትና፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ በቁርአን ማስቀሪያው ቤት አማና፣ በአደራ ይቀመጥ አሉ። ተሸክመው ወሰዱት። ጤዛ እንዳይነካው፣ ማንም እንዳይደርስበት ሰው ቆመለት። እኛም አማና ሆንን፤ የእስር ስም አልተሰጠንም፣ ግን በቅሎዎቻችን የት እንዳሉ የሚነግረን ጠፋ።

ታስሬ እንደዚያ ጠግቤ አላውቅም። ጠላት ነው ብለው የጠረጠሩት ሰው ቢሆንም እንግዳ ነውና አንድ በግ በሙስሊሞቹ ቤት፣ አንድ በግ በክርስቲያኖቹ ቤት ታረደልን። የሁለቱንም ካልበላችሁ አንዱ ወገን ይቀየማል ተባልን። ሚስተር ሆብሰን ሁለቱንም አመስግኖ በላ፤ ጉልበቱን ለማጠፍ እየታገለ፣ ወፍራም እርጎ ጢሙ ላይ እየቀረ። የዓለምን ዘብ ሁሉ አጥንቻለሁ፣ እንዲህ የሚያበላ ግን አላየሁም አለኝ። ያኔም ቢሆን መጠበቁ እንጂ መጠርጠሩ አልገባውም ነበር፤ እኔም አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ ልንገረው፣ የተጠረጠረው በኔ አፍ ነው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሾላው ሥር ሸንጎ ተቀመጠ። ሼህ ይመር አጠገባቸው አስቀመጡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«መምህር፣ ያኔ የነገርከን ያንተን ነው። ዛሬ የሱን ንገረን። ያልገባህን አልገባኝም በል፤ ነውር የለበትም።»

ወደ ሚስተር ሆብሰን ዞርኩና በዚያ ሁሉ ጊዜ ያላልኩትን አንድ ነገር አልኩት። ቀስ ብለህ ንገረኝ አልኩት። ሰውዬው ቀስ ብሎ ተናገረ። ለካ ይችላል፤ እስከዚያ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው። ሰዎቹ ለምን ካቡ ላይ እንደተቀመጡም ነገርኩት። መጀመሪያ ሣቀ፤ ቀጥሎ የወይዘሮ ዘነቡን ፊት አየና ሣቁን ተወው።

በትር ተቀብሎ አፈሩ ላይ ሥዕል ጀመረ። እዚህ ሮማ፤ እዚህ ባሕሩ፤ እዚህ ግብፅ። ከግብፅ ጀምሮ አንድ ረጅም ጠማማ መስመር እየሳበ መጣና፣ ይህ የናንተ ወንዝ ነው አለ፤ ከዚህ ገደል ሥር የሚያልፈው ዓባይ። የሮማ ድንበር በዚህ ወንዝ ላይ እስከዚህ ድረስ ነበር ብሎ፣ ከእኛ እጅግ በራቀ ቦታ ላይ ጭረት አደረገ። አንድ ንጉሣቸው ምንጩን ፈልጉ ብሎ ሰዎች ልኮ ነበር፤ ረግረግ አጋጠማቸውና ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ድንጋይ በርን አላዩም፣ ስሙንም አልሰሙም።

ይህን ሁሉ ቃል በቃል ተረጎምኩ። ያልገባኝ ቦታ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ። ሰዉ ጸጥ ብሎ ሰማ፤ በዚህኛው ዝምታ ግን አልተታለልኩም፤ እስኪያልቅ ጠበቅሁ።

ሼህ ይመር ጭረቱንና ገደሉን በዓይናቸው ለኩ። «እንግዲህ ወንዛችን ሄደላቸው እንጂ፣ እነሱ አልመጡም» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሣቁ። ምንሽሮቹም ከጉልበት ላይ ወርደው ግንድ ተደገፉ። አንዱ፣ ይህን ብቻ ከሆነ የሚፈልገው ለምን ይህን ያህል አገር ያቋርጣል፣ ሮማ እንዳልመጣች ሰው ልኮ ቢጠይቀን እንነግረው ነበር አለ። እሱንም ተረጎምኩለት። ሚስተር ሆብሰን ትክክል ነው አለ።

ወይዘሮ ዘነቡ ግን አልሣቁም። እንግዲያው ካቡ የማነው ብለው ጠየቁ። ሚስተር ሆብሰን ማን እንዳሠራው አላውቅም አለ፤ ይህን ለማየት ነው የመጣሁት አለ። አንድ ነገር ግን በነዚህ ቀናት ለይቻለሁ፤ የድንጋዩ አቀማመጥ በየቦታው ይለያያል። አንዱ ጋ ጠፍጣፋ በጠፍጣፋ ነው፣ ቀጥሎ ትልልቁ ከታች ትንንሹ ከላይ ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ። በአንድ ሠሪ የተሠራ አይደለም። እያንዳንዱ መንደር ድርሻውን ተካፍሎ፣ እንደየእጁ የሠራው ነው የሚመስለው። የዚህ አገር ሰው እጅ ነው አለ።

በደቦ መሆኑ ነዋ አሉ ሽማግሌዎቹ፣ የደቦ ሥራ እንደየእጁ እንደሚለያይ ለማንም መነገር እንደማያስፈልገው ሁሉ።

ያኔ ነው ወይዘሮ ዘነቡ ሙሉውን የተናገሩት። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ለኔም ሳይሆን ለእንግዳው ነበር የሚናገሩት፣ እኔ እንደ ቱቦ በመካከል አለሁ።

«በጠላት ጊዜ ጣልያን በዚህ ገደል ሲወጣ፣ ሰዎቻችን ይህን ካብ ይዘው ነው የጠበቁት። እስላም ክርስቲያን የለም፣ ሁሉም ነበር። ባለቤቴ ቀይ ድንጋዩ ጋ ወደቀ። ያን ቀን ጣልያን ካቡን ሳያልፍ ተመለሰ። ታዲያ አንድ ሰው መጥቶ ጓዳሽ የሮማ ነው ሲለኝ፣ ምን ላድርግ?»

ክራባቴን ላላ አደረግሁት። ብዙ ዓመት ስኮራበት የኖርኩት ጨርቅ ነው፤ ያን ጊዜ ግን መኩራቱን ረሳሁት። በማውቀው ቃል ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር፣ ለሚስተር ሆብሰን ነገርኩት። ምናልባት ሰዋስዉ ልክ አልነበረም። እሱ ግን አልከበደውም። ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ ተነሣና፣ ቦታውን ያሳዩኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ አለ።

መሣሪያው ከሼህ ይመር ቤት ወጣ፤ ጋቢውም ተመለሰ። ሥራው ተጀመረ፤ ግን በድንጋይ በር ሰዎች ውል። ቀይና ነጩን ዘንግ የሚይዝ የዚሁ አገር ሰው ብቻ ይሆናል ተባለ። ያዙት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። እንደነሱ ዘንግ የሚይዝ ሰው አላየሁም። ሜዳያቸውን ለብሰው፣ ነፋሱ ጋቢያቸውን እያራገበው፣ ገደሉን ተቀብለው ቀጥ ይላሉ፤ ሚስተር ሆብሰን በቃ፣ ጨርሻለሁ ቢላቸውም የሚቀይራቸው ሰው ካልመጣ ከቦታቸው አይነቃነቁም። የካቡን መታጠፊያ፣ የውሃውን ቦታ፣ ወደ ገደሉ የሚወርደውን የእግር መንገድ ሁሉ ለካን። «ለካን» የምለው እኔም ሜትሩን ስለያዝኩ ነው፤ ጫፉን። የአውራጃው ገዥም ወሬው አስደንግጧቸው ዘበኞች አስከትለው ደረሱ። የታጠቀ ሽማግሌ ዘንግ ይዞ፣ ፈረንጅ ሲለካ፣ አስተማሪ ሜትር ሲጎትት ቢያገኙ፣ ጢማቸውን ደባብሰው፣ እንዳዘዝኩት ነው የሆነው አሉ። ለነሱም በግ ታረደ።

ቀይ ድንጋዩ ጋ የደረስነው በመጨረሻው ቀን ነው። ካቡ እዚያ ላይ በጣም ከፍ ይላል፤ ወደታች ስታዩ ዓባይ እንደ ክር ይታያል። ሚስተር ሆብሰን ቦታውን ለክቶ በካርታው ላይ ትንሽ ምልክት አደረገና፣ የባለቤታቸውን ስም በአማርኛ እንድጽፍ ብዕሩን ሰጠኝ። ስሙን ይንገሩኝ አልኳቸው ወይዘሮ ዘነቡን።

ተሰማ ነው አሉ። ከዚያ እሱ ብቻውን ተጽፎ እንዴት ያምርበታል አሉና፣ ሰይድንም ጻፍ አሉኝ፤ ከጎኑ የነበረ ነው። ገብሬን ጻፍ። የሰይድን ወንድም እንድሪስን ጻፍ። ዘንግ የያዙት ሽማግሌዎች ሰሙና ከያሉበት ስም መጥራት ጀመሩ። ሼህ ይመር የአባታቸውን ታናሽ ወንድም ስም ሰጡኝ። እኔ ጉልበቴ ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ በካርታ ላይ ጽፎ በማያውቀው ጥንቃቄ ጻፍኩ። ዳሩ ሞላ። ሚስተር ሆብሰን ሌላ ወረቀት አውጥቶ በሙጫ ቀጠለበት፤ ያም ሲሞላ ሌላ ቀጠለ። ሲያልቅ ካቡ በመካከል አንድ ቀጭን መስመር ሆኖ ቀረ፣ ዙሪያውን የሞላው ስሙ ነው። በሕይወቴ የጻፍኩት ብዙ ነገር አለ፤ የእጅ ጽሑፌን ወድጄ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

በቅሎዎቻችን ተገኝተው ተጫኑ። ወይዘሮ ዘነቡ ለመንገድ ዳቦ ቋጥረው አመጡና ለሚስተር ሆብሰን ሰጡት። ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው ትከሻቸው ላይ መልሰውታል። ወደ ሌላኛው፣ ወደ ሮማው ድንበሩ ሲመለስ፣ እዚያ የወደቁትንም እንዲህ ይጻፋቸው በልልኝ አሉኝ። ነገርኩት።

ሚስተር ሆብሰን ዳቦውን በሁለት እጁ እንደያዘ ዞሮ ካቡን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እኔ ሳልጠይቀው ቀስ ብሎ፣ ግንቡ አለ፣ ድንጋዩም አለ፣ አብዛኞቹን ግን ማን እንደነበሩ የሚያውቅ የለም አለ።

ተረጎምኩላቸው።

ወይዘሮ ዘነቡ አዘኑለት። እጁን ያዝ አደረጉና፣ «እኛ ጋ ይታወቃል» አሉት።